ቤት የማይመታ፣ «አንቺ» የሚል ግጥም እንዴት ይነበባል? (አዳማ፣ የቅዳሜ ንባብ)

ነጠላ_ሰረዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ9፡30 እስከ 11፡30 የምንገናኝ፣ ከ10 የማንበልጥ አንባቢዎች ነን። ለሚቀጥሉት 4 ሳምንታት ስለ ሴትነትና ራስን ስለ መቀበል የተጻፉ፣ ቤት የማይመቱ ዘመናዊ ግጥሞች ለማንበብ ተስማምተናል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ግጥሙ ተነቦ 5 ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ «እውነት ነው፣ ሴት ልጅ ራሷን መውደድ አለባት» ይላል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ በቃ አለቀ። ስለ ግጥሙ ያወራ የለም። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ደግሞ ወይ እንደ ዜና ይንጋጋል ወይ እንደ ፉከራ ይጮኻል። ከየት እንጀምር? የውጭ ትርጉም ይቅደም ወይስ የአማርኛው? ለመለማመጃ የሚሆን አጭር ነገር ያለው ካለ ይለጥፍልን።

ጠበቅ_ላላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

በአማርኛው ጀምሩ። ትርጉም ላይ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይታወቅ ሰዓቱ ያልቃል። ይቺን ለመለማመጃ ተጠቀሙባት፣ ለዚሁ ተብላ የተጻፈች ናት፦

ነጠላዋን እያጠፈች
ትሰማለች።
ጠቆርሽ ሲሉ፣
ከሳሽ ሲሉ፣
ቆመሽ ቀረሽ ሲሉ፣
ትሰማለች።
ዛሬ
ሰውነቴ
ብላ ጀመረች።
እስከ አጥሩ ማዶ
ትሰማለች።

አሁን እርሳስ አውጡ። ሁሉም በዝምታ ሁለት ጊዜ ያንብብ። በሁለተኛው ንባብ ላይ ሦስት ነገር ይመልከት።

መጀመሪያ ማን ለማን እንደሚናገር። ግሡ ጫፍ ላይ «ሽ» ያለበትን ክበቡት፣ «ች» ያለበትን አስምሩበት። እዚህ «ሽ» ያለው ሰዎች በሚሏት ውስጥ ብቻ ነው። ራሷ ስትናገር ያላት አንድ ቃል ነው፣ እሱም «ሰውነቴ»። ይሄ ብቻውን የ20 ደቂቃ ወሬ ነው።

ቀጥሎ የሚጠብቀውን ፊደል ፈልጉ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ አንባቢው ራሱ መወሰን አለበት። «ትሰማለች» ሦስት ጊዜ መጥቷል። «ሰ»ንና «ማ»ን አላልታችሁ ካነበባችሁት የምትሰማው እሷ ናት፣ ጆሮዋ ነው የሚሠራው። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ግን ሌላው ይሰማታል፣ ድምፅዋ ወጥቷል። የመጀመሪያው ላላ ነው፣ ጥያቄ የለውም። የመጨረሻው «እስከ አጥሩ ማዶ» ስለሚል ይጠብቃል። ግጥሙ በሙሉ የሄደው ከላላው ወደ ጠበቀው ነው፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ፊደል። የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉበት። ይህን ሳይወስን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሦስቱንም አላልቶ ያልፍና ሴትየዋን ከአጥሩ ውስጥ ያስቀራታል።

ሦስተኛው ግሡ የት እንደወደቀ ነው። እሱን ነገ እመለስበታለሁ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ።

ፍራንኮ_ሰፈር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

መሀሉ ያለው «ትሰማለች»ስ? ከ«ቆመሽ ቀረሽ» በታች ያለው።

ጠበቅ_ላላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

ላላ ነው እላለሁ።

ወፍጮ_ድንጋይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ አልስማማም። ሦስት ጊዜ ተሰድባ ዝም ያለች ሴት ዝምታዋም ይሰማል። ጠብቆ ቢነበብ ምን ችግር አለው? ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መንገድ ያንብበውና ከዚያ ይምረጥ። ግን ምክንያት ከግጥሙ ውስጥ ይምጣ፣ «እኔ እንደዚህ ደስ አለኝ» አይበቃም።

ስንኝ_ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ግጥም ነው? ቤት አይመታ፣ ምጣኔ የለው። የወል ቤት ብትሉኝ በየሐረጉ 6 እና 6 ቀለም (በአንድ ምት የሚነገር የቃል ክፍል) ነው፣ ሰንጎ መገን ብትሉኝ 5 እና 5 ነው፣ ይታወቃል። ዝርው ጽሑፍ ሰባብሮ ወደ ታች መደርደር ግጥም ካደረገ የመብራት ደረሰኝም ግጥም ነው።

ወፍጮ_ድንጋይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ፣ በስምዎ ልለምንዎትና ይቁጠሩት። አናባቢ የሌለውን ሳድስ (እንደ «ሽ» ያለውን) ከፊተኛው ጋር አጣብቀው፣ እንደሚነገረው።

«ነጠላዋን እያጠፈች» 4 እና 4። «ትሰማለች» 4። «ጠቆርሽ ሲሉ» 4። «ከሳሽ ሲሉ» 4። ምን ሆነ? ቡሄ በሉ ሆነ! የልጆቹ ዱላ መሬት ሲመታ የሚሰማው ምት ነው። ከዚያ «ቆመሽ ቀረሽ ሲሉ» ላይ 6 ሆኖ ይሰበራል። ስድቡ ከልኩ ያለፈበት ቦታ ላይ ምጣኔውም አለፈ። ቀጥሎ «ትሰማለች» 4 ብሎ ወደ ልማዱ ይመለስና «ዛሬ» ላይ 2 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ምጣኔ የለውም ሳይሆን ምጣኔ አስለምዶ ነው የሚነሣችሁ። አንባቢው በ4 ምት ተወስዶ እየሮጠ ከመጣ «ዛሬ» የምትለዋን ቃል ይውጣታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ዛሬ» ካላችሁ በኋላ የጎደሉትን 2 ምቶች በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ ቁጠሩ፣ ከዚያ «ሰውነቴ» በሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለማመዳችሁ ጣቱ አያስፈልግም።

ስንኝ_ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ቆጠርኩት። 8፣ 4፣ 4፣ 4፣ 6፣ 4፣ 2። እሺ፣ ያልከው አለ። ቤቱስ?

ጠበቅ_ላላ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ጋሼ፣ ቤቱ ላይ አንድ ነገር ልበልዎ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለ አንዲት ሴት የሚናገር ጽሑፍ በየመስመሩ ዓረፍተ ነገር ከጨረሰ «ሄደች፣ መጣች፣ አለቀሰች» እያለ ሳይፈለግ ቤት ይመታል፤ ርካሽ ቤት ነው፣ የተሠራ ሳይሆን ሰዋስው የሰጠው። ቤት የማይመታ ግጥም የሚጽፍ ሰው ዋና ሥራው ይሄን ማምለጥ ነው። የሚያመልጠውም መስመሩን ከግሡ በፊት በመስበር ነው። ትናንት ሦስተኛ ያልኩት ይሄ ነበር።

«ሰውነቴ» ብሎ መስመሩ ሲያልቅ ግሥ የለም። ሰውነቴ ምን? ታመመ? ያምራል? የእኔ ነው? አንባቢው ሦስቱንም ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይይዛቸዋል። ቀጥሎ የሚመጣው «ብላ ጀመረች» ነው፣ ግሡ የሰውነቷ ሳይሆን የመናገሯ ሆነ። ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም። ይህን በአንድ መስመር «ሰውነቴ ብላ ጀመረች» ብለን ብንጽፈው ወሬ ይሆናል።

ለማሳየት ቀላል ልምምድ አለ፦ ግጥሙን መስመሩን አጥፍታችሁ እንደ አንድ አንቀጽ ጻፉና ለሁሉም ስጡ፣ የት እንደሚሰብሩት በእርሳስ ያመልክቱ፣ ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያዩት። 15 ደቂቃ ይበቃል። አብዛኛው ሰው ከግሡ በኋላ ይሰብራል፣ ጆሯችን እንደዚያ ስለለመደ።

(«ብላ» መስመር መጀመሪያ ላይ ስለሆነች ተጣድፎ ለሚያነብ «ሰውነቴን ብላ» ትመስላለች። አንድ ሰው መሳቁ አይቀርም፣ አትደንግጡ።)

ነገሩ አዲስ ነው ለሚሉ ደግሞ፣ የገጣሚው የሰሎሞን ደሬሳ መድበል «ልጅነት» የታተመው በ1963 ዓ.ም. ነው። ክርክሩ ያኔም ይኸው ነበር፣ «ይሄ ግጥም ነው ወይ» የሚል። በፀጋዬ ገብረ መድኅን ስም የፀጋዬ ቤት የሚባለው 8 እና 8ም ከወል ቤቱ ውጭ የመጣ ነው፣ ዛሬ ግን ማንም አይከራከርበትም።

ስንኝ_ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

እኔ ደግሞ ያላያችሁትን ላሳያችሁ። ኅብረ ቃሉን ዘላችሁታል። «ከሳሽ» ሰሙ መክሳቷ ነው፤ ወርቁ ግን ፍርድ ቤት የሚቆመው ከሳሽ ነው። የሚሏት ሰዎች ራሳቸው ከሳሾች ናቸው። «ቆመሽ ቀረሽ»ም እንዲሁ፦ ሰሙ ሳታገባ ቆማ ቀረች የሚለው የሰፈር ስድብ፣ ወርቁ ሌላው ሲወድቅ ቆማ የቀረች። ተሳዳቢው ሳያውቀው አመስግኗታል። ቤት ባይመታም የቅኔ ልጅ ነው፣ ይሄን አልክድም።

ፍራንኮ_ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡12

ጋሼ ገቡልን!

ሲንቄ_ያዥ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

አዳማ ከሆናችሁ ግማሹ አንባቢ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው ብዬ ልገምት። ያ ጸጋ ነው፣ ተጠቀሙበት። በኦሮምኛ «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። አማርኛው «እርስዎ» ካላለ በቀር ለአንድ ሰው «አንተ» ወይ «አንቺ» ሳይል መራመድ አይችልም። ስለዚህ የአማርኛ ግጥም «አንቺ» ሲል ግድ ሆኖበት ነው ወይስ መርጦ? ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ በቁቤ፣ ማለት ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ የሚጠብቀው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ጠበቅ_ላላ ያነሳው ጥርጣሬ እዚያ አይኖርም። ይቺን ግጥም ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሞክሩ፦ ሦስቱ «ትሰማለች» አንድ ሆነው ሊቆዩ አይችሉም፣ ምስጢሩ ወረቀቱ ላይ ይፈሳል። ለ30 ደቂቃ የሚሆን ግሩም ሥራ ነው፣ ባይሳካም።

ሌላው፣ እኛ ዘንድ ሲንቄ አለ። ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር፣ መብቷ ሲነካ ሴቶች ይዘውት የሚወጡት። ግጥም ውስጥ «በትር» የሚል ቃል ካያችሁ ወዲያው መደብደቢያ ነው አትበሉ። የማን እጅ ላይ እንዳለ እዩ።

ነጠላ_ሰረዝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ብዕር ይዤ እየገለበጥኩ ነው። ስለ ትርጉሞቹም የሚያውቅ ካለ? አንዷ የአሜሪካዊቷን ገጣሚ የሉሲል ክሊፍተንን ይዛ መጥታለች፣ ሌላዋ የካናዳዊቷን የሩፒ ካውርን።

አራተኛ_መስመር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ክሊፍተን ጥሩ ምርጫ ናት። ኑና አብራችሁኝ አክብሩ የምትለዋ ግጥም ከሆነች በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣ መድበል ውስጥ ያለች ናት፣ 14 መስመር ብቻ። ሁለት ቦታ ላይ ትርጉሙን ፈትሹት።

አንደኛው መጀመሪያው ላይ ነው። እንግሊዝኛው የሚያናግረው ሰው ወንድም ሴትም፣ አንድም ብዙም ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው «አታከብርም?» ካለ ለወንድ ልመና ሆነ፣ «አታከብሪም?» ካለ የእህትማማች ጨዋታ ሆነ፣ «አታከብሩም?» ካለ ድግስ ሆነ። ሦስቱንም ጮክ ብላችሁ አንብቡና የቱ ግጥሙን እንደሚለውጠው አድምጡ። እኔ ከመረጥኩ ብዙ ቁጥሩን ነው፣ ግብዣ ስለሆነ።

ሁለተኛው መጨረሻው ላይ። ዋናው የሚያልቀው በየቀኑ አንድ ነገር ሊገድላት ሞክሮ እንዳልቻለ በመናገር ነው፣ አለመቻሉ የመጨረሻ ቃል ነው። አማርኛው «ኑ አክብሩ» የሚለውን ትእዛዝ እንደ ልማዱ ወደ ጫፍ ከወሰደው መርዶና ድል ተዘበራርቀው ግጥሙ በግብዣ ያልቃል። ጎበዝ ተርጓሚ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ይከፍልና ግብዣውን አስቀድሞ፣ «አልቻለም» የሚለውን ብቻውን መስመር ይሰጠዋል። የያዛችሁት ትርጉም እንዴት እንዳደረገው እዩ። መሀል ላይ አንዱ እጇ ሌላውን እጇን አጥብቆ የያዘበት ምስል አለ። አንባቢው እዚያ ሲደርስ እጁን በእጁ እንዲይዝ ብታደርጉ ቲያትር አይሆንም፣ ሰውነት የሚያስታውሰው ነገር ይሆናል።

የሩፒ ካውርን በተመለከተ፣ እንግሊዝኛዋን በትንንሽ ሆሄ ብቻ፣ ከነጥብ ሌላ ምልክት ሳትጠቀም የምትጽፈው ለፑንጃብኛው የጉርሙኪ ጽሕፈት ክብር ነው፤ እዚያ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለም። የእኛም ፊደል የለውም! ስለዚህ ወደ አማርኛ ሲመጣ ያ ምልክት ይጠፋል፣ ማንም አያየውም። የሚቀረው ሥርዓተ ነጥቡ ነው፦ ትርጉሙ በነጠላ ሰረዝና በድርብ ሰረዝ ከተሞላ አንድ ሰው «አስተካክሎታል» ማለት ነው። አጫጭሮቹ ግጥሞቿ ላይ ብዙ ሰዓት አታጥፉ፣ የሚሉትን ይሉና ያልፋሉ። በእኔ አስተያየት ለመክፈቻ ይሆናሉ እንጂ ለሁለት ሰዓት አይሆኑም።

ወፍጮ_ድንጋይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

«ራስን መቀበል» የሚለው ሐረግ ራሱ ከምክር አገልግሎት መጻሕፍት የተገለበጠ ይመስላል፣ ለዚህ ነው ስብከት የሚጎትተው። ግን ቃሉን ካገላበጣችሁት ሀብት አለው። መቀበል እንግዳ ሲመጣ ነው። መቀበል ደግሞ አውራጁ ሲያወጣ ተቀባዩ የሚያደርገው ነው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ተብሎ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው በማሲንቆ ይመልሰዋል። በዚያ ጆሮ ስትሰሙት ራስን መቀበል ራስ ያወጣውን ራስ መመለስ ይሆናል። ግጥሟ ላይ «ትሰማለች» የአዝማች ቦታ ነው ያለችው፣ ተቀባይ ናት። ሲነበብ አንዱ ሌላውን መስመር ያንብብ፣ «ትሰማለች»ን ሁሉም በአንድ ላይ ይቀበል። ሦስተኛዋን ግን ዋናው አንባቢ ብቻውን ያንብባት። ልዩነቱን ትሰሙታላችሁ።

«ሰውነት»ም እንደዚሁ ነው። ገላ፣ አካል፣ ሰውነት አንድ አይደሉም። ገላ የሚታጠብና የሚናፈቅ ነው፣ የዘፈን ቃል ነው። አካል ሐኪም ቤትና ቤተ ክርስቲያን ይሸታል። ሰውነት ግን ሥጋውም ነው፣ ሰው መሆኑም ነው። በየግጥሙ ገጣሚዋ የቱን እንደመረጠች ዝርዝር ያዙ፤ «ገላዬ» ያለችበትን በ«ሰውነቴ» ተኩና ምን እንደተበላሸ እዩ።

ፍራንኮ_ሰፈር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ወንዶች ማንበብ ይችላሉ? ሦስት ነን፣ ሁልጊዜ «ይሄ የእናንተ አይደለም» እንባላለን።

ጠበቅ_ላላ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ማንበብ ትችላላችሁ፣ ምክንያቱም ሰዋስዋዊ ነው። በአማርኛ «እኔ» ጾታ የለውም። «ሄድኩ፣ ደከመኝ፣ ቆንጆ ነኝ» ወንድም ሴትም ይላል። በመጀመሪያ መደብ የተጻፈ ግጥም ሲገጥማችሁ ተናጋሪዋ ሴት መሆኗን ያወቃችሁበት የመጀመሪያ ቃል ላይ ምልክት አድርጉ። ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው ሲጠራት ነው። እስከዚያ መስመር ድረስ ወንድ ያንብብ፣ ከዚያ መስመር ጀምሮ ሴት ትቀበለው። ግጥሙ ላይ ምን እንደተከሰተ ያለ ማብራሪያ ይሰማል።

ሲንቄ_ያዥ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ለአወያይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «አንቺ ላይ ደርሶ ያውቃል?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ግጥሙ ወዲያው ይሞታል፣ አንዷ ያላሰበችውን ትናገራለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትቀራለች። «ግጥሙ ውስጥ የምትናገረዋ» በሉ፣ «ገጣሚዋ» እንኳ አትበሉ። ለመጀመሪያው 30 ደቂቃ «ጠንካራ»፣ «ጀግና» እና «መልእክቱ» የሚሉ ሦስት ቃላት ይታገዱ። ሲታገዱ ሰው ሳይወድ ወደ መስመሩ ይመለሳል። በሁለት ሰዓት ከሁለት ግጥም በላይ አትያዙ፣ አንዱም ይበቃል።

አራተኛ_መስመር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

በወረቀት አትሙት፣ እባካችሁ። ስልክ ላይ ረጅም መስመር ራሱ ይታጠፋል፣ አንባቢው የስልኩን እጥፋት የገጣሚዋ ስብራት ይመስለውና እዚያ ይቆማል። አንድ ግጥም በአንድ ገጽ፣ ፊደሉ 14፣ በመስመሮቹ መሀል ለእርሳስ የሚሆን ቦታ ተትቶ። ሲተየብም አንድ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክር፦ «እያጠፈች» የሚለው በአንድ ፊደል «እያጠፋች» ከሆነ ነጠላ የምታጣጥፈው ሴት ነጠላ አጥፊ ሆነች።

ነጠላ_ሰረዝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

አራተኛው ቅዳሜ ላይ ለሌሎችም ልናነብ አስበናል፣ ውጭ በረንዳ ላይ፣ በማይክ። አንባቢው ምን ይጠንቀቅ?

ወፍጮ_ድንጋይ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

የአዳማን ንፋስ ነዋ! ከሰዓት በኋላ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወስደው የቃል ጫፍ ነው፣ ጾታው ደግሞ ያለው እዚያ ነው። «ጠቆርሽ» እና «ጠቆርህ» ከሩቅ አንድ ይሆናሉ። ማይኩን አፋችሁ ላይ ከለጠፋችሁት በተቃራኒው «ሽ» ሁሉ ያፏጫል፣ «አንቺ» የሚል ግጥም ደግሞ በ«ሽ» የተሞላ ነው። አንድ ስንዝር አርቁት፣ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ አገጭ ጎን አዘንብሉት፣ ስፖንጁን አልብሱት። ጀርባችሁን ለንፋሱ ስጡ። መጨረሻው ላይ «ትሰማለች»ን ስታጠብቁ ድምፅ አትጨምሩ፣ «ሰ» እና «ማ» ላይ ቆይታ ብቻ ጨምሩ። ባጃጅ ካለፈ አቁሙና ይለፍ።

ነጠላ_ሰረዝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ስፖንጅ የለንም፣ ወፍራም ካልሲ ይሆናል?

ወፍጮ_ድንጋይ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡02

ንጹሕ ከሆነ ይሆናል። በሁለት አጥፋችሁ አልብሱት።